ማስታገሻ

መርፌው የኔ ነበር። አስቀድሜ ልናገር።
በአሮጌ ብስክሌት፣ በቴራይ ሜዳ ላይ፣ ከመንደር ወደ መንደር፣
ጉልበቱ ያበጠ በሬ፣ ጡቷ የጋለ ላም፣
ስወጋ እውል ነበር፣ ሲነጋም ሲጨልም።
እንስሳ አይናገርም፤ ዓይኑ ግን ያወራል፤
መድኃኒቱ ሲገባ ቀስ እያለ ይበራል።
ዶክተር ባልሆንም «ዶክተር ሶምላል» እያሉኝ፣
ሩዝ በከረጢት ቋጥረው እስከ ድልድዩ ሲሸኙኝ፣
ደስ ይለኝ ነበር። ውሸት ምን ያደርጋል።

ከብት ግን ቀኑ ሲደርስ ይሞታል።
እኛ ላም አንበላም፤ አንቀብርም፤ ወንዝ ዳር ይጣላል።
ድሮ፣
ሬሳው ገና ሳይሸት ሰማዩ ነጠብጣብ ያወጣ ነበር፤
ዝቅ፣ ዝቅ፣ ክብ እየሠራ፣ ቁጥሩ እንደ አሸዋ የማይቆጠር
ጥንብ አንሳ ይወርዳል፤ ይገፋፋል፤ ይጨቃጨቃል፤
ፀሐይ ሳትዞር አጥንቱ እንደ ታጠበ ሳህን ያብረቀርቃል።
አፍንጫችንን ይዘን እናልፋለን። ምስጋና አናውቅም።
ስም ያወጣንለት ከሚያነሣው ጥንብ ነው፣
ከሚንሳፈፍበት ሰማይ አይደለም።

አንድ ዓመት፣
ከሲማሉ ዛፍ ላይ አንገታቸውን ደፍተው፣
ጸሎት የረዘመባቸው መነኮሳት መስለው፣
አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ተቀመጡ፤
በአራተኛው፣ እንደ በሰለ ፍሬ፣ መሬት ላይ ፈረጡ።
ከካትማንዱ የመጣች ሴት አንዱን አጋድማ ቀደደች፤
ጓንቷን ሳታወልቅ «ና፣ እየው» አለች።
ኩላሊቱ በኖራ የተለሰነ ግድግዳ ይመስላል።
«እዚህ አገር ከብት ሲታመም ምን ይወጋል?»
ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ብልቃጡ ቦርሳዬ ውስጥ፤
ዳይክሎፌናክ። እኔም ጥርሴን ሲያመኝ የምውጥ።

ላሟን ያስታገሰ
አሞራውን ጨረሰ።

ክፋት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።
ርኅራኄ ነው የፈጀው። ይህን ለማን ልናገር?

ከዚያ ውሻ በዛ። ሬሳው ሰነበተ። ወንዙ ሸተተ።
የፉልመቲ ታናሽ ወንድም በእብድ ውሻ ተነክሶ ሞተ።

ሃያ ዓመት አለፈ። ብስክሌቱን ሸጥሁት።
አሁን ከጫካው ጥግ፣ ከሽቦው ቤት ነኝ፤
ሌሊት እንቁላል አገላብጣለሁ፣ እንቅልፍ አይወስደኝ።
ፉልመቲም እዚሁ ናት፤ ፍየል ታርዳለች፣ ትመዝናለች፣ ትጽፋለች።
ወንድሟን አንድም ቀን አላነሣችውም።
እኔም አላነሣሁም።

እናቲቱ በዓመት አንድ ትጥላለች። ቶሎ ከሰረቅናት ሌላ ትሞክራለች።
እኔን ስታይ ትጮኻለች፤ ልክ ናት፤ ሌባዋን ታውቃለች።
ጄኔሬተሩ ባስነጠሰ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል፤
ሙቀቱ ግማሽ ዲግሪ ቢወርድ፣ አንድ ዘር ይጎድላል።

በሃምሳኛው ሌሊት ቅርፊቱ ጫፉ ላይ ተነቃ።
አስቀያሚ፣ እርጥብ፣ ግራጫ ነገር ከእንቅልፉ እንደ ነቃ
ሽማግሌ ተነጫነጨ።
«ስም እንዳታወጣለት» አለችኝ ፉልመቲ።
ሠላሳ አራት ነው። ሠላሳ አራት ይበቃዋል።

ሳበላው፣ እጄ ላይ ከጨርቅ የተሰፋ የእናት ራስ፣
ፊቴ ላይ አረንጓዴ መጋረጃ፤ ሳልስል፣ ሳልተነፍስ።
የሰው መልክ እንዳይለምድ ነው፣ የሰው ድምፅ እንዳያውቅ፤
ሰውን ያመነ አሞራ ዕድሜው አይዘልቅ።
አንዲት ቃል ነበረችኝ፣ ሃያ ዓመት ያኘክኋት፤
ከመጋረጃው ኋላ እንደገና ዋጥኋት።

ትናንት ጨርቁን አልፎ ጣቴን ነከሰኝ፣ እስከ አጥንት።
አልጮኽኩም። ንጹሑን ሥጋ እስኪጨርስ ጠበቅሁት።
ፉልመቲ ቁስሉን አጥባ፣ ከመሳቢያው ክኒን አውጥታ፣
«ይሄ ያስታግስልሃል» አለች፤
አየችኝ፤
መልሳ ከተተችው፣ በዝምታ።

ሌሊቱን ሙሉ ጣቴ ትር ትር ሲል አደረ፣
እንቁላል ውስጥ እንዳለ ልብ።