የጳጉሜ ዕቅድ

ደብተሩ የድሮ ነው፣ ገቢና ወጪ ያለው፣
ጥጉን የመሥሪያ ቤት ማኅተም የነከሰው።
በገቢው ዓምድ ሥር ጻፍኩት መንገድ በመንገድ፣
በወጪው ዓምድ ሥር ፍራሽ፣ ሸራ፣ ገመድ።

ሻሸመኔ፣ ኮፈሌ፣ ዶዶላ፣ አዳባ፣
ዲንሾ ላይ አንድ ሌሊት፣ ከዚያ ሮቤ፣ ጎባ።
ከጎባ ወደ ላይ እስክሪብቶዬ ዳገት ጀመረ፣
"ሳነቲ" ብዬ ስጽፍ፣
በሐዋሳ ሙቀት ጣቴ በብርድ ታሰረ።

ዱካሞ ግቢ ነው፣ ጥቁር መነጽሩን እንዳጠለቀ፣
ሰማያዊ እሳት ከብረት እየፈለቀ።
የአሮጌ አይሱዙ ጀርባ፣ አሸዋ የኖረበት፣
ሁለት ጎማ ሰጥቶት፣ ጣሪያ በይዶለት፣
"ተጎታች" ብሎ ስም ካወጣለት
ሦስት ዓመቱ።
ሦስት ዓመት! ዶሮዎች ቀድመውን ሰፈሩበት።

አቶቴ ሰፈር ሙሉ ያልገመተ የለም፤
"ሱቅ ነው?" "ድንች ጥብስ ነው?" ያመነን የለም።
"ለማደሪያ ነው" ስላቸው "ቤት እያላችሁ?" አሉ።
ቤትማ አለን፣ የኪራይ፤
ቤት ግን አይጎተትም በሉ!

ችግሩ ሌላ ነው።
ትምህርት ቤት የሚዘጋው ክረምት ሲገባ ነው፣
ተራራው የሚዘጋም ያው ክረምት ሲገባ ነው።
ምንታምር ስታርፍ መንገዱ ይጨቀያል፣
መንገዱ ሲደርቅ ደወሉ ይጮሃል።
"በጥር ይሁን" ብለው "ፈተና አላት" አለኝ፣
"በሐምሌ ይሁን" ቢል ጉሙ ታወሰኝ።
መጋቢት ላይ ጾም፣ ግንቦት ላይ የሰው ሠርግ፣
ዓመቱ ሞልቶብን አጣን መግቢያ ጥግ።

እስከዚያው ዝርዝሩ ይረዝማል፦
ቡታጋዝ፣ ትንሿ።
ብርድ ልብስ፣ አራት። ዱካሞ "ሁለት ይበቃል" ይላል፤
ዱካሞ የሳነቲን ሌሊት አያውቅም፣
እኔም አላውቅም።
ትርፍ ጎማ፣ ያልተገዛ።
የላንድሮቨሩ ፍሬን፣ ስሙ አይነሳ።
ከሁሉ በታች ምንታምር በእርሳስ ጨምራለች፣
"ቀይ ቀበሮ" ብላ፣
በብዛት ዓምድ ላይ "አንድ" ብላለች።

ቅዳሜ ማለዳ ታቦር ላይ ሞከርነው፣
ቅርባችን ያለ ተራራ እሱ ብቻ ነው።
ላንድሮቨሩ አቃሰተ፣ መንጠቆው ጮኸ፣ ያዘ፤
ልጆች ከኋላ ሮጡ፣ ባለባጃጁ ፈዘዘ።
ዳገቱ ወገብ ላይ ሸተተን የሚነድ ፍሬን፤
ከጎማው ሥር ድንጋይ ከትተን
ተቀመጥን ሦስታችን።
ከታች ሐይቁ ነበር፣ ምንም ሳይጎትት የተኛ።
ዝም አለ ዱካሞ፤
ቆይቶ ግን ሳቀ፣ ዞሮ ወደ እኛ።

ያን ሌሊት አደርንበት፣
እዚያው ግቢያችን ውስጥ፣ ከበሩ አሥር እርምጃ ርቀን፣
አንዱን ብርድ ልብስ ለሦስት ተካፍለን።
ዝናብ መጣ፤ ጣሪያው ላይ ጤፍ የሚነፉ መሰለ፣
አንዲት ጠብታ መርጣ
ግንባሬ ላይ ጠብ አለች።
ተነሥቼ በጨለማ "ሲሊከን፣ አንድ ቱቦ" ብዬ ጻፍኩ፤
መስመሩን ስቼ በፋሲካ ላይ ጻፍኩ።

"ጳጉሜስ?" አለኝ ያኔ፣ የተኛ የመሰለኝ።

ጳጉሜ! እንዴት ረሳናት?
ደሞዝ የማይከፈልባት፣ አከራይ የማይቆጥራት፣
በአንድ እጅ ጣት አልቃ ወር መባል የሚያሳፍራት።
ደወል የላትም፣ ፈተና የላትም፤
ዝናቡም ያኔ ይደክመዋል፣
ባይደክመውም አንመለስም።
"ደግሞ ዘመኑ ሉቃስ ነው" አለ፣
"ስድስት ናት ዘንድሮ!"
እንደ ሎተሪ ዕጣ፣ ጨለማው ውስጥ ቆጥሮ።

ሲነጋ ደብተሩን ገለጥኩ።
አምስቱን ቀን ለመንገድ፣ ስድስተኛዋን ለፍሬን ሰጠሁ።
ጫማ ልፈልግ ብመለስ፣ ዶሮዋ ቀድማኝ ገብታለች፣
ሙቀት ባልለቀቀው ትራሴ ላይ ተቀምጣለች።
አላባረርኳትም።
ስትነሣ አየሁና በስንቅ ሥር ጻፍኩት፦
እንቁላል፣
አንድ።