ለውዳላት፣ ስለ በራዱ

ውዳላት፣ በራዱን ከቁም ሳጥን ስታወጪ፣
አፍንጫውን አትያዢ፤ ሆዱን ደግፈሽ አምጪ።
መጀመሪያ ለብ ያለ ውኃ አዟዙሪበት፣
የጎንደር የኅዳር ብርድ ሌሊቱን ሲያድር ገብቶበት
ፍል ካገኘው ይደነግጣል፤ የደነገጠ ደግሞ
ድምፅ ሳያሰማ ይሰነጠቃል፣ እንደ ሰው፣ ውስጥ ለውስጥ ታሞ።

እሳት ላይ አትጣጂው። በአመድ፣ በቃጫ አትፈትጊው፤
የሰማያዊ ቅጠሉ ጠርዝ ወርቅ ነው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው።
ከእጀታው ሥር ብትዳብሺ ጎድጎድ ያለ ታገኛለሽ፤
የሠሪው አውራ ጣት ነው። ሳያውቅ ይሁን አውቆ፣ አንቺ ፍረጂ ካሻሽ።

ሲስተር ሚዶሪ ሰጠችኝ፣ አገሯ ልትገባ ተነሥታ፣
ከላብራቶሪው በር ላይ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ።
«ክዳኑን» አለች «ስትቀዳ በጣትህ ያዝ፤ ይወድቃል።»
ሰማሁ። ግን የሰማ ሁሉ መቼ ይጠነቀቃል?
ሃያ ዓመት የደም ብልቃጥ ይዤ፣ አንዱን ሳልጥል የኖርሁ፣
በገዛ ቤቴ፣ በሳቅ ላይ፣ የሻይ ክዳን ሰበርሁ።
አጣናው ቀልድ ሲያወራ፣ እየሳቅሁ ስቀዳለት
ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ሃያ ሰባት ገል ለቀምንለት።
አጣናው ሳቁን ዋጠ። እናትሽ መጥረጊያ አነሣች፤
«ባሕር ተሻግሮ መጥቶ በኛ ቤት!» ብላ ተነፈሰች።

በማግስቱ ታቅፌው፣ ከፒያሳ በባጃጅ ወለቃ ሄድሁ።
ሸክላ ሠሪዋ ይታይሽ አፉን በስንዝሯ ለካች፤ ቆሜ ጠበቅሁ።
ሆዱን በጥፍሯ አንኳኳች፤ «ድምፁ የደወል፣ መልኩ የወተት፤
የኔ ጭቃ ጥቁር ነው። ባጋባቸው ማን ያፍርበት?»
በሳምንቱ ክዳኗ ደረሰች፤ ጥቁር፣ ትንሽ ሰፋ ያለች፤
ሲቀዳ ቀጭ ቀጭ ትላለች፣ «አለሁ፣ አለሁ» እያለች።

እንግዲህ አያያዛቸው ለየቅል ነው፣ ውዳላት፤
እሱን እጠቢው፤ እሷን ግን ሳሙና እንዳታሳዪያት።
ነጩ ምንም አይጠጣም፤ ባጠብሽው ቁጥር ይረሳል።
እሷን ብታሸቻት፣
የእናትሽ ቅርንፉድ ዛሬም ከአፍንጫሽ ይደርሳል።

ለየብቻ አስጪያቸው፤ ሳይደርቁ እንዳትገጥሚያቸው፤
ሻጋታ ጨለማ ይወዳል፤ ነፋስ ነው መድኃኒታቸው።

ሚዶሪ ምናልባት ብትመጣ፣ ክዳኑን ከጠየቀችሽ፣
አታስተባብዪ። ሻይ ቅጂላት። ድምፁን ትሰማለች ከእጅሽ።