ለአጎቴ ለዮሮ፣ ስለ ፊላው

አጎቴ ዮሮ፣ ያን ዕለት ጠየቅኸኝ፣
መቅዘፊያህን ተደግፈህ፣ እንደ ገበያ ዓሣ በዓይንህ እያገላበጥኸኝ፤
«ሰባት ዓመት ሙሉ ሳን ሉዊ ተቀምጠሽ፣
ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?»

ቦርሳዬን ከፈትሁልህ፤ የተቆረጠ ፊላ፣
ቀንና ቁጥር የተጻፈበት ከረጢት፤ ሌላ
ምንም።
ሳቅህ ታንኳዋን አወዛወዛት። «ይህንንማ» አልኸኝ፣
«ደጄ ሞልቶልኛል፤ ጫኚና ገላግዪኝ።»

እውነትህን ነው።
የባሕሩ ጨው ሽቅብ እንዳይወጣ ወንዙን ሲገድቡት፣
ሩዙ ሲያሸት አይተን እልል ያልንለት፣
ያው ግድብ ነው ለፊላው ቀን ያወጣለት።
ጨው ሲያቀጭጨው የኖረ፣ የረጋ ውኃ እንደ አልጋ ተነጥፎለት፣
እግሩን ዘርግቶ ተኛበት።
መንገድህን ዘጋው፤ ዓሣው ሸሸ፣ ቢንቢው ከነዘመዱ ሰፈረ፤
መረብ ጣልህ፣ ሥር አወጣህ፤ ደግመህ ጣልህ፣ ጭቃ ነበረ፤
ሦስተኛውን አልጣልህም።
ከፊላው ግርጌ የምትኖር ቀንድ አውጣ፣ ጥፍር የምታህል፣
ሽንትህን ደም አደረገችው፤
«ፀሐይ ነው» ስትል ከረምህ፣ «ድካም ነው» ስትል።

ቤተ ሙከራ ስልህ መስታወት በመስታወት እንዳይመስልህ፣ አደራ፤
ሰባት ነን፣ ሦስት ነጭ ካፖርት በተራ
የምንለብስ። ምድጃ አለን፣ በሩን ምባኝክ በሽቦ የጠፈረው፣
መብራት ሲመጣ እንደ በሬ የሚያጓራው።
በጀት እንደ ዝናብ ነው፤ ስትዘራ ይጠፋል፣
ስታጭድ ያጥለቀልቃል።

አንደኛ ዓመት፣ ፊላውን ከጭቃ ለውሰን ሳንቃ አበጀን። ሻገተ።
ሁለተኛ ዓመት ምስጥ በላው፣ አንድ ጥግ እንኳ አልተረፈ።
ማዲየይ ጌይ፣ አስተማሪዬ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
«ምስጡ ገምጋሚያችን ነው» አለ፤ «አስተያየቱን ተቀብሎ
ማረም ነው።»
ሦስተኛው ዓመት የአድማ ነበር፤ ግቢው ተዘጋ።
እኔና ምባኝክ አጥር ዘለን ወደ ምድጃው ስንጠጋ፣
ዘበኛው ያዘን። ጉዳያችንን ሰምቶ፣
በባትሪ እያበራ መራን፣ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ።
አራተኛው ዓመት ኖራ ጨመርንበት።
ምስጡ አሸተተውና ዞረ፤ አለፈበት።

ባለፈው ሚያዝያ የክሊኒኩን ጣሪያ፣ ያን የሚጋረፍ ቆርቆሮ፣
ከሥሩ በሳንቃችን አለበስነው፣ ዮሮ።
ውጪ ዐርባ ሦስት፣ ውስጥ ሠላሳ አራት።
አዋላጇ ኮዱ ቴርሞሜትሩን መታ መታ አድርጋ «ተበላሽቷል» አለችን፤
ሌላ አመጣንላት፤ ያም ያንኑ ነገረን።
የዚያን ለሊት የወለደች ሴት፣ ጣሪያውን አየት አድርጋ፣
ምንም ሳትል ተኛች፤ አልነቃችም እስኪነጋ።
ጥናታችን ላይ ይህ የለም። ሠንጠረዥ አራት ላይ ዘጠኝ ዲግሪ አለ፣
እንቅልፏ ግን የትም አልተቆጠረም፣ የትም አልዋለ።

አላሸነፍንም። አንድ ታንኳ ሙሉ ስናጭድ፣
በጀርባችን ሦስት ይበቅላል።
ባለሥልጣን መጡልን፤ ሪባን ቆረጡ፣
ፊላ ግን አልቆረጡ።
«ዘላቂ ልማት» የሚል ጨርቅ በር ላይ ሰቅለው ሄዱ፤ ነፋስ ቀደደና፣
«ዘላቂ» የሚለውን ወሰደው፤ «ልማት» ብቻውን ይወዛወዛል እስካሁን፣ አልወረደምና።

ትናንት ደግሞ አንተ መጣህ። ሳትጠራ፣ ሳትቀጠር፣
ማጭድህን በጨርቅ ጠቅልለህ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር።
«መታወቂያ?» ቢልህ ዘበኛው፣ ጨርቁን ፈታህለት።
ያው ዘበኛ ነው፤ አስገባህ።

«ከውኃው በላይ ታጭዳላችሁ» አልህ፣ ቆመህ ከምድጃው ጎን፤
«እሱማ ፀጉር ማስተካከል ነው! ከውኃው በታች ቁረጡት፤ ጉቶው ትንፋሽ ያጣል፣
ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል።
አባቴ ሲያደርገው አይቻለሁ፣ በአንዲት ኩሬ።»

ምባኝክ ምድጃውን አጠፋው፣ ድምፅህን ሊሰማ።
ማዲየይ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ፣
አዲስ ደብተር ገለጠ፣ ወንበር ሳበልህ።
«ቀስ ብለው ይንገሩኝ፣ አባባ ዮሮ» አለ፤
«ከውኃው በታች፣ ስንት ጣት?»