ደህናው ጆሮዬ

ደህናውን ጆሮዬን ትራስ ላይ ደፍቼ
እንደ ድንጋይ ነበር የማድረው ተኝቼ።
ግራው እንደሆነ፣ ከስድስት ዓመቴ
ድምፅ አይገባበትም፤ ባለ አንድ በር ነው ቤቴ።
እንጉዳይ በክርኗ ጎኔን ባትደስቀው
የልጄን ለቅሶ እኔ ከየት ብዬ ላውቀው?

ትርንጎ አራት ዓመቷ ነው። ጉንፋን ሰንብቶባት፣
በታኅሣሥ ውርጭ ማታ ትኩሳት ጨምሮባት፣
ጆሮዋን በመዳፏ ጥርቅም አድርጋ ይዛ
«አባ፣ ውስጡ ሰው አለ፤
በር ያንኳኳል» ትላለች፣ ፈዛ።

ለቅሶው ቢሰማቸው ከግድግዳው ማዶ
እትዬ የውብዳር መጡ አንጀታቸው ነዶ።
ዘይት አሙቀዋል፣ ነጭ ሽንኩርት ጨምቀው፤
«ሁለት ጠብታ ብቻ!» አሉኝ፣ ማንኪያውን አጥብቀው።

ያን ማንኪያ አውቀዋለሁ።
እናቴም አሙቃ፣ በፍቅር፣ በጸሎት፣
ጠብ አድርጋብኝ ነበር እንዲህ ባለ ሌሊት።
ሲመግል ሲደርቅ፣ ሲመግል ሲደርቅ ክረምቶች አለፉ፤
እኔ ዳባ ልበስ ሳልለው፣
ጆሮዬ ራሱ ዳባውን ለበሰ።
«ይቅር፣ እትዬ» አልኩ። ታላቅ ሰው ፊት
እምቢ ስል የመጀመሪያዬ ነው።

ሊነጋጋ ሲል ለቅሶው ቀጥ አለ።
ትራሱ ረጥቧል፤ ቢጫ ነገር ፈሷል።
«ፈነዳ! ወጣላት! ዳነች!» አሉ እትዬ።
እንጉዳይም አለቀሰች፣ ከደስታ።
እኔ ግን አልወደድኩትም፣ አውቃለሁ ያንን ዝምታ።
የባጃጄን ሸራ ግራ ቀኝ ዘግቼ
ጤና ጣቢያው ደጃፍ ቆምኩኝ ታቅፌያት፣ ገና በር ሳይከፈት።

ሲስተር ዝማም ባለመብራቱን ቀንድ ጆሮዋ ላይ ደግና አየች።
ዝም አለች። ከዚያ ጣቷን አጋድማ አሳየችኝ፦
«ከአፍንጫ ጓዳ ወደ ጆሮ ጠባብ መንገድ አለች፤
በልጅነት አጭር ናት፣ ጋደም ያለች።
ጉንፋን ሲደፍናት ውኃው ይታቆራል፣
መግል ይሆንና ታምቡሩን ይወጥራል።
ሌሊት የተቀደደው እሱ ነው።
ሕመሙ ጋብ አለ እንጂ፣ በሽታው መቼ ሄደ?»

ሽሮፕ ሰጠችን፤ ጧትና ማታ፣ አምስት ቀን።
«በሦስተኛው ቀን ስትቦርቅ ብታያት
ጠርሙሱን መስኮት ላይ እንዳትረሳው።»
ንጹሕ ጨርቅ እንደ ጧፍ ክር ጠምዝዤ፣
በቀን ሦስቴ፣ እርጥቡን እየለወጥኩ፣ ደርቆ እስኪወጣ።
ዘይት የለም። ሽንኩርት የለም። ውኃም የለም።
«ውኃም?»
ጥር አሥራ አንድ ሊደርስ ነው፤
ልጄ ደግሞ ከአምና ጀምራ «እኔም እዘላለሁ» ስትል ከርማለች።
«ውኃም» አለች ሲስተር።

ፋሲል መዋኛ፣ ዛፎቹ ግንቡን በሥራቸው ባቀፉበት፣
ጎረምሶቹ ሲዘሉ ውኃው ሰማይ ሲረጭበት፣
ትርንጎ ትከሻዬ ላይ ናት። ጆሮዋ ላይ ጥጥ፣
ጥጡ ላይ መዳፌ።
ከበሮው ለእኔ በቀኝ ብቻ ይመታል፤
የቀረው በደረቴ ይገባል።
ጎንበስ ብላ በግራዬ አንድ ነገር ነገረችኝ።
«በዚህ በኩል፣ ልጄ» ብዬ አዞርኳት።
«አባ፣ ሰውየው ሄደ» አለችኝ።

በመጋቢት ሲስተር «ታምቡሩ ገጥሟል» ብትለኝም
ልቤ አላረፈም።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ለአባትማ ምን ሊሆን?
ማታ ከኋላዋ ቆሜ
ደህና ጎኗን በጣቴ ደፈንኩ፤
በሹክሹክታ፣ ምስጢር እንደሚያወራ ሰው፣
«ትርንጎ» አልኩ።

ዞር ብላ አየችኝ፣ ተቆጥታ፦
«አባ፣ ምነው ትጮኻለህ?»