ሦስተኛው ስንኝ ጋ

ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ፒያሳን ሲያለብስ፣
የሱቄን በር ግማሹን ስመልስ፣
ሃያ ሦስት ዘፈን ስልኬ ውስጥ ተኝቷል፤
"ጋሼ፣ እስቲ ይስሙልን" የሚል ተለጥፎበታል።

እኔ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ድሮ፣ በኪነቱ ጊዜ፣
አኮርዲዮን አዝዬ ዞሬአለሁ ከወረኢሉ እስከ ሐይቅ፤
ያ ነው እንግዲህ ማዕረጌ፣ ዳኛ ያሰኘኝ ሳልጠይቅ።
ውድድሩን ያሰቡት ልጆች፣ ከሆጤ የማውቃቸው፣
"ነጥብ ብቻ አይደለም" አሉኝ፣ "አስተያየት ይጻፉላቸው፤
የት ጋ እንደሳቱ፣ የት ጋ እንደመቱ፤
ጀማሪ ናቸውና ቀስ ይበሉ አንቱ።"

ቀስ አልኩ? እንጃ።

ቁጥር አንድ፦ ዓይኗ ኮከብ፣ አንገቷ ብርሌ፣ ጥርሷ ወተት።
"ወንድሜ" ብዬ ጻፍኩ፣ "ይህችን ልጅ ማን አያውቃት?
በአባቴም ዘመን ነበረች፣ በየዘፈኑ ስትዞር፤
ደክሟታል፣ ተዋት ትረፍ። ያንተዋስ የት ነው የምትኖር?
ስትስቅ አፏን በምን ትሸፍናለች?
ጫማዋ ስንት ጊዜ ተሰፍቷል? እሷን አምጣት፣ እሷ አለች።"

ቁጥር አምስት ሙሔ ነው፣ ባጃጁን አቁሞ የዘፈነ፤
ሞተሩን አላጠፋም፣ ተቀባዩ እሱ ሆነ።
"ሞተሩን አጥፋ" ብዬ ጻፍኩ። ደግሜ ሰማሁ። ሰረዝኩት።
"አብሽር ሙሔ፣ ሞተሩ ይቆይ፤ ዜማውን ነው የጠላሁት።
ሐረጎ ስንት መታጠፊያ አለው፣ ሆድ ዕቃ የሚያተራምስ፤
ያንተ ዜማ ለምንድን ነው ቀጥ ብሎ ኮምቦልቻ የሚደርስ?"

ዘጠነኛው ባቲ ብሎ ጀምሮ አምባሰል ገብቶ ጠፋ፣
መንገድ የሚጠቁም አጥቶ፣ ሰኞ ገበያ ላይ እንደተገፋ።
ደግ ቃል ፈለግኩለት። "ድምፅህ ደህና ነው" አልኩ። ደህና!
በሽተኛ ሲጠየቅ የሚባል ነው፤ አጠፋሁት እንደገና።

ቁጥር አሥራ ሰባት። ጦይባ ነው ስሟ፣ ከኮምቦልቻ፣
ከአንድ ክር ፋብሪካ፣ የሌሊት ፈረቃ፤ ያላት ድምፅ ብቻ።
ክራር የለ፣ ጭብጨባ የለ። በስተጀርባ ውሃ ይወርዳል፣
ባልዲ ነው መሰለኝ፣ ሞልቶ ይፈሳል።
የደመወዝ ቀን ነው ነገሩ፤ ለእናቷ የገዛችው ጃንጥላ፤
ነፋሱ ቦርከና ጨመረባት፣ አልገዛችም ሌላ።

ግን ሦስተኛው ስንኝ ጋ ስትደርስ ትቆማለች።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ምት ታልፋለች፣
ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ትቀጥላለች።
በየአዝማቹ ይኸው ነው።

ጻፍኩ፣ ማጉያ መነጽሬን ዓይኔ ላይ እንዳደረግኩ፣
የቆመ ሰዓት የከፈትኩ ይመስል፦
"እህቴ ጦይባ፣ ቃልሽ ሸጋ ነው። ጃንጥላው ጃንጥላ ነው፣ እርጥብ ነው።
ዕረፍቱ ግን ረዝሟል። ወይ ቃል ጨምሪበት፣ ወይ አሳጥሪው።
ዝምታ በልኩ ሲሆን ነው ቅመም፤ ሲበዛ አድማጭ ያባርራል።"
በዚህች በመጨረሻዋ ኮራሁ፣ እውነቱን ለመናገር።
ሁለቴ አነበብኳት። ላክኋት።

መልሷ በማግስቱ መጣ፣
ሌሊቱን ሠርታ ስትወጣ፦
"ጋሼ፣ ወላሂ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያደመጠኝ ሰው የለም።
ያ ያሉት ቦታ ግን ዕረፍት አይደለም።
ብናኙ ነው፣ የጥጡ። እዚያ ጋ ስደርስ ትንፋሼ ያልቃል፤
ሳሉን እውጠዋለሁ፣ እንዳይሰማብኝ።
ቃል ጨምሪ ላሉት እሞክራለሁ፤
በየት በኩል እንደሚገባ ብቻ ይንገሩኝ።"

ሱቄ ውስጥ አርባ ሰዓት ይቆጥራል፣ አንዱ ከአንዱ አይስማማም።
የዘገየውን መግፋት፣ የፈጠነውን መያዝ፣ እንጀራዬ ነው፤
የዛሬው ግን በየትኛው መፍቻ?

የነጥቡ ቦታ ላይ ጣቴ ቆመ። ከአሥር ስንት?
ትቼው ከመጀመሪያው ከፈትኩት፣ ለአራተኛ ጊዜ።
ባልዲው ሞላ። ደመወዝ ተከፈለ።
ጃንጥላው በወንዙ ላይ ሄደ።
ሦስተኛው ስንኝ ጋ ስትደርስ
እኔም ትንፋሼን ያዝኩ።
አንድ። ሁለት።
ሦስት።
ከእሷ ቀድሜ ተነፈስኩ።