የመስመሩ ዳር

ኮልካታ ሲዘንብ ውሃው ከሰማይ አይደለም፣
ከቦይ ነው የሚነሣ፤ ጫማ የማይሞላው የለም።
እንዲያ ባለ ቀን ነው ሃሪፓዳ የመጣው፣
ሱሪው እስከ ጉልበት፣ ጃንጥላው ነፋስ የገለበጠው፣
ቻንድኒ ገበያ፣ ወደኔ ጠባብ ሱቅ።
«ርካሽ አለህ ወይ» አለኝ፣ «ግን ቶሎ የማይወድቅ?»

የሻጭ ምላስ መቼ ያርፋል፤ እኔም አላመነታሁ፣
ከመደርደሪያው አናት አዲሷን አወረድሁ፦
«ይቺን እያት፣ አጎቴ! ቀለም የምታፈልቅ፣
ጨዋታ የምታጫውት፣ ከመብረቅ የምትልቅ፣
ቁልፎቿ በጨለማ የሚበሩ፣ ክብደቷ እንደ ወረቀት፤
ስልሳ ሺህ ሩፒ፤ እሱም በየወሩ፣ በጥቂት በጥቂት።»
(ዕዳ የሚለውን ቃል ያኔ አልጠራሁት።)

እሱ ዐይኑንም አልሰጣት። ከሸሚዙ ሥር
በፌስታል የጠቀለላት ወረቀት ነበረች፣ ደረቅ እንድታድር፤
አወጣና አነጠፋት።
«ሠላሳ አንድ ዓመት» አለኝ፣ «አሊፑር ፍርድ ቤት በር፣
ከዋርካው ጥላ ሥር፣ በጽሕፈት መኪናዬ ስኖር፣
የፍቺውን፣ የውርሱን፣ የድንበሩን፣ የዋሱን፣
ዕንባቸውን አጣርቼ ጻፍሁላቸው ክሱን።
አሁን መዝገብ ቤቱ ‹በፍላሽ አምጣ› ይላል፤
ሪባን የሚሸጥልኝ ሰውዬም ሞቷል።
ደብዳቤ ነው ሥራዬ፣ ሠንጠረዥ አንዳንድ፣
ማተም፤ መብራት ሲሄድ አብራ የማትሄድ።
ጨዋታ አላውቅም፤ ሌላ ምን ልሻባት?
አሥራ አምስት ሺህ አለኝ፤ ሁለቱ የሚስቴ ነው፣ ገና ያልነገርኳት።»

አምስት ደረደርሁለት፣ ያገለገሉትን፣
የቢሮ ጡረተኞች፣ የድርጅት ስም የተፋቀባቸውን።
እንደ በቅሎ ገዢ ጥርስ ጥርሳቸውን አየ፤
በያንዳንዷ ላይ ያችኑ አቤቱታ ጻፈ፣ ቆየ፦
«ለተከበረው ፍርድ ቤት። እኔ ኪሮዳ ሞንዶል፣
የሰባ ሁለት ዓመት ሴት፣ ባለቤቱ ውጪ ይለኛል...»
አምስት ጊዜ ጻፋት፤ አምስት ጊዜ ያቺ አሮጊት
ከቤቷ ልትወጣ ደረሰች፣ ጠረጴዛዬ ላይ፣ በአንድ ከሰዓት።

የመጀመሪያዋ ሰነፈች፤ ፊደሉ ዘግይቶ ይመጣል።
ሁለተኛዋ ፈጠነች፤ ማጠፊያዋ ግን ላልቷል።
ሦስተኛዋ ጠባብ ናት፤ መነጽሩን ሁለቴ ጠረገ፣
«ለወጣት ነች» አለና ገፋ አደረገ።
ጣቶቹ መዶሻ ናቸው። «ቀስ» አልኩት፣ «ብረት አይደለችም!»
«ቀስ ያለ አቤቱታ» አለኝ፣ «ዳኛ ጆሮ አይደርስም።»

ደግሞ አንድ ነገር አየሁ፤ መስመሩ ዳር ሲደርስ
ግራ እጁ ከቁልፎቹ ይነሣል፣ አየር ላይ፣ ሊመልስ
የሌለውን ሠረገላ፣ የማይመጣ ደወል እየጠበቀ፤
መስመሩ ራሱ ታጥፎ ሲወርድ፣ እጁ እዚያው ደረቀ።
«ማነው የመለሰው?» አለኝ።
«እሷው ራሷ» አልኩት።
ዝም አለ። ጣሪያው ላይ የሚወርደውን ሁለታችንም ሰማነው፣ ብዙ ቆየንበት።

አራተኛዋ ጥቁር ናት፤ ክዳኗ የተጫረ፣
ከባድ፣ ወፍራም፣ ፋሽኗ ከዘመን የቀረ፣
ስምንት ጊጋ ሜሞሪ፣ ዲስኳ የተቀየረ።
ባትሪዋ ሦስት ሰዓት፤ ይህን እንኳ ሳልዋሽ ነው ያልኩት።
ፊደሎቿ ደኅና ናቸው። ከቁጥሮቹ ግን ዜሮ
ጠፍቷል፤ ጣት ልሶታል፣ የሰው ገንዘብ ቆጥሮ ቆጥሮ።
ሃሪፓዳ በአውራ ጣቱ ያን ባዶ ስፍራ ዳሰሰ፤
«ይቺ ሠርታለች» አለ፤ ድምፁ ትንሽ ለሰለሰ፤
«ሥራ አዋቂ ናት። አላስተምራትም እኔ፤
እሷ ታስተምረኝ እንጂ፣ በዚህ በዘገየው ዘመኔ።»

አምስተኛዋን ከጻፈ በኋላም ወደሷ ተመለሰ።
ዋጋዋ አሥራ ስድስት ነበር። አሥራ ሦስት አልኩት።
ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ወንድሜ ታብሬዝም ጠይቆኝ አልመለስሁለት።
እርጥብ ገንዘብ ቆጠረ፤ ሁለቱን ሺህ ነጥሎ
ሌላ ኪሱ ከተተ፣ በመሐረብ ጠቅልሎ።
ፌስታሉን ለላፕቶፗ ሰጣት፤ ወረቀቷን እጁ ላይ ያዛት፣
ዝናቡ ቢያበሰብሳት አሁን አላስፈራችው፤ ሆዷ ውስጥ ጽፏታል፣ አስቀምጧት።

የኪሮዳ ጉዳይ ምን ላይ ደረሰ? አላወቅሁም።
ያቺ ጥቁርም አልተመለሰች፤ ለሻጭ ከዚህ የበለጠ ደግ ወሬ የለም።
የስልሳ ሺህዋ ግን እስካሁን እዚያው ናት፤
ቀለም ታፈልቃለች፣ ሌሊቱን፣ ማንም ሳይጽፍባት።