ሐምሌን አልሸጥም

ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ቢሮ፣
ከመስኮቱ በታች ታክሲው ተደርድሮ፣
ባሕር እሸጣለሁ፤
ጨውነቱን በወጥ ብቻ የቀመስኩትን፣
ስፋቱን በካርታ፣ በስንዝር የለካሁትን።

ደንበኛ ይጽፍልኛል፣ ከብርድ አገር ሆኖ፦
«ውኃው ከጉልበት የማያልፍ፣ አሸዋው ነጭ፣
ዓሣው እንደ መስታወት ስባሪ የሚብለጨለጭ፣
እረፍቴ በሐምሌ ነው። ወዴት ልሂድ?»

የግድግዳውን ካላንደር እገልጣለሁ።
ሲሸልስ? በሐምሌ
የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ በጉልበቱ ይመካል፣
መንጠቆህን ነጥቆ ጆሮህ ላይ ይሰካል።
ካሪቢያን? ቆይ፣
የእኛ መስከረም ሲጠባ የእነሱ ሰማይ ይጠቁራል፣
ጀልባ ከመልሕቁ ነቅሎ ጣራ ላይ ያሳድራል።
ደመና ከሆነማ ዓሣውም አይታይ፤
የምታድነው ጥላውን ነው፣ ጥላ ደግሞ የፀሐይ።
ካጉረመረመ ያን ረጅም ዘንግህን ጣል፤
በዚያ ዝርግ ውኃ ላይ ካንተ በቀር የቆመ የለም፣
መብረቅ የቆመ ይወዳል።

«ሐምሌን አልሸጥም» ብዬ እጽፋለሁ።
አለቃዬ ይልቃል ከኋላዬ ያነባል፦
«ሽጪለት እንጂ! ነፋሱ ያንቺ ነው እንዴ?»
የእኔስ አይደለም።
ግን ሰው እያዩ ይላካል?

ይህን ሁሉ መጽሐፍ አላስተማረኝም።
በር የሚጠብቀው ጋሽ መንክር ነው፣
የድሮ ባሕረኛ፣ ምጽዋ ያረጀ ጫማ ያለው።
ዝናብ ሲጥል ደረጃውን ይወጣል፣
ካርታዬ ፊት ይቆማል፣
ዳህላክ አጠገብ፣ ሰማያዊው ከሳሳበት፣ ጣቱን ያሳርፋል።
«እዚህ ጋ ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው።
በኅዳር፣ ነፋሱ ሲተኛ፣
ዓሣው ጅራቱን ወደ ላይ አውጥቶ
ይለቅማል፣ እንደ ዶሮ።»
«ታዲያ ለምን አልሸጠውም?»
ዝም አለ። መነጽሩን በሹራቡ ጠረገ።
«እዚያ የከፋው ወሩ አይደለም» አለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል። ወጣን።
ጎርፉ ከፒያሳ ቁልቁል፣
የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ነጠላ ጫማ፣
ያልወጣለት ሎተሪ ተሸክሞ።
የቱቦው ክዳን ከተሰረቀ ሰንብቷል፤
አፉ የት እንደሆነ ውኃው ብቻ ያውቃል።
ጋሽ መንክር ክንዴን ያዘ፦
«እግርሽን አታንሺ፣ ጎትቺው።
አሸዋ ለብሶ የሚተኛ ዓሣ አለ፣ ጅራቱ መርዝ፤
ከረገጥሽው ይወጋሻል፣
ከገፋሽው ግን ራሱ ይሸሻል።»
«እዚህ ዓሣ የለም፣ ጋሼ።»
«ጎትቺ ብያለሁ።»

ጎተትን። ቡናማ ውኃ፣ ጥላ የሌለው፣
ታች የሌለው።
ሰዉ ከፖስታ ቤቱ በረንዳ ያየናል፣
አንዱ ይስቃል።
ከእንጦጦ በኩል አጉረመረመ።
ጋሽ መንክር ጃንጥላውን አጠፈ፣ ዝቅ አደረገ፣
በጫፉ ፊት ፊቱን እየነካ ሄደ፣
ነካ፣ ነካ፣
እስከ እጀታው ሰመጠ።

«ይኸውና!» አለኝ፣
ዓሣ ያገኘ ይመስል።